ማክሰኞ ብቻ

ይህ ቤት ድሮ ሱቅ ነበር፣ የከሰል ኩባንያው ሱቅ፣
በአፓላቺያ ተራራ፣ በጊልመር ሸለቆ ጥልቅ።
አባቴ ነበር ጸሐፊው፣ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ
ዱቄቱን፣ ጫማውን፣ ጋዙን በደብተር የሚያሰፍር ለቅሞ።
ቆፋሪው ከመሬት ሆድ ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ፣
ደመወዙ ቀድሞት አልቋል፣ በዱቤ ተመንዝሮ።

ማዕድኑ ሲዘጋ ሱቁም ተከትሎ ሞተ፤
የሌሊት ወፍ ወረሰው፣ ወለሉ በውሃ ሻገተ።
ሐኪም ያለው ከሦስት ጋራ ወዲያ ነበር፤
የታመመ መኪና ይለምናል፣
ያጣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ
በረዶው እስኪቀልጥ ይስላል።

ድሪማ የመጣች ቀን ማክሰኞ ነበር፤
የቬርሊን ልጅ፣ ነርሷ፣
መጥረጊያና ኖራ ጭና በአሮጌ መኪናዋ።
«ቁልፉ አንተ ጋ ነው አሉኝ» አለችኝ።
እኔ ጋ ነበር። የአባቴ ውርስ ያ ነው፤
አንድ የዛገ ቁልፍ፣ አንድ ደብተር።

በሩ ላይ የሰቀልነው ካርቶን
«ማክሰኞ ብቻ» ይላል።
በመጀመሪያው ማክሰኞ ሦስት ሰው መጣ፤
አንዱ መንገድ ጠፍቶበት ነበር።

የስኳሩን ሚዛን ከጓዳ አወጣነው፣
ጎኑ የተጨረመተ፣ ቀስቱ የሚዋልል።
ድሪማ አስተካክላ፣ ፎጣ አንጥፋበት፣
አሁን ሕፃን ይመዝናል።
አባቴ በአውራ ጣቱ ይጫነው ነበር ይላሉ።
እኔ አላየሁም። አልጠየቅሁምም።
ግን እናቶች ልጃቸውን ሲያስቀምጡ
ሁለት እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆማለሁ።

ሆባርት ስኪድሞር አልገባም አለ።
ሠላሳ ዓመት የቆፈረው ከሰል
ዞሮ እሱን ይቆፍረዋል፤
ሦስት ደረጃ ወጥቶ አራተኛው ላይ ይቀመጣል።
«አባቴ የዚህን ቤት ዕዳ ታቅፎ ነው የተቀበረ፤
እግሬ አይረግጠውም» ይላል፣
እኔን እያየ።

ድሪማ አልተከራከረችም።
የሳንባ መለኪያውን ተሸክማ ወደ ደረጃው ወጣች፤
በረዶ ይጥላል፣ ኮቷን ደረበችለት፤
«ንፋ» አለችው፣ «ንፋ፣ ንፋ፣ አታቋርጥ፣
የልደት ሻማ እንደሚያጠፋ ልጅ!»
ነፋ። መርፌዋ ትንሽ ተነሥታ ወደቀች።
ደግሞ ነፋ።
በሦስተኛው ሆባርት ተነፈሰ፤
አርባ ዓመት አፍኖ የኖረውን፣
ከናዳው ሥር የቀረ ወንድሙን ስም።

በማግስቱ ደብተሩን ወሰድኩለት።
የአባቱ ገጽ፣ በአባቴ የእጅ ጽሑፍ፤
ዱቄት፣ ሚስማር፣ የአካፋ እጀታ፣
አንድ ሃርሞኒካ።
ጣቱ እዚያ ላይ ቆመ።
«ይቺ የእኔ ናት» አለ። «ስድስት ዓመቴ ነበር።»
ልቅደደው? አልኩት።
«አትንካው።»

ማክሰኞ ብቻ የነበረው ማክሰኞና ዓርብ ሆነ፤
ከዚያ ረቡዕ ተጨመረ፣ ከዚያ ሐኪም ተቀጠረ፤
ከጋራው ማዶ፣ በተዘጋው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣
ሁለተኛው ተከፈተ፤
ሦስተኛው ከእሳት አደጋ ጣቢያው ፎቅ ላይ ነው፤
አራተኛው ጣሪያ ይጎድለዋል፣
ሰዉ እሑድ ከጸሎት መልስ
መዶሻውን ይዞ ይመጣል።
ካርቶኑን ግን አላነሣነውም፤
እንግዳ ሰው ግራ ይገባዋል።

ትናንት የሆባርት የልጅ ልጅ ልጇን ይዛ መጣች፣
አሥራ አንድ ቀኗ፣ በቢጫ ብርድ ልብስ።
ድሪማ ተቀበለቻት፣ ሚዛኑ ላይ አኖረቻት።
በሩ ላይ የትንፋሽ ድምፅ ሰማሁ፣
የታወቀ፣ የሚያፏጭ።
አንድ እግሩ ከደፉ ወዲህ ነው።
«እጆችህን አሳየኝ» አለ።
ወደ ላይ አነሣኋቸው፣ ሁለቱንም።
ቀስቱ ዋለለ፣ ዋለለ፣ ቆመ።
ሆባርት አጎንብሶ ቁጥሩን አነበበ፣
እስኪያርፍ ጠበቀ፣
ከዚያ እንዲህ አለኝ፦
«በል፣ ጻፍ።»