ዱቤና አረፋ

የቅበላ እሁድ ነበር፣ ነገ ጾም ሊገባ፣
ባሕር ዳር የቀሯትን ሙሽሮች ባንድ ምሽት ልታጋባ።
አመሻሹ ላይ መብራት ሄደ፤ መፍጫዬ ግርር ሲል ውሎ ዲዳ ሆነ፤
ሠፈራችን በሻማ ተወሰነ።
ጣና ዳር ያለው ሆቴል ግን ጄኔሬተር አለው፤
ከበሮውን፣ ሳቁን፣ በግድግዳችን አሻግሮ ጣለው።

እኔ ዘይቱን በእጄ እጨምቃለሁ፣
በወንፊት አጠልላለሁ፣ ፍሬውን እለያለሁ።
(የዘይቱን ፍሬ እንደ ሰው ሐሜት፣
በትንሽ ሥጋ ውስጥ የታጨቀ የጠጠር መዓት።)
የበሰለ መብራት አይጠብቅም፤ ያድራል፣ ይበላሻል፤
ነገ ደግሞ ከቅቤ የተለየ ሁሉ ጁስ ያምረዋል።

የጓሮው በር ተንኳኳ። አንማው ነው፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ፣
ኮቱ ሥር ጠርሙስ ደብቆ፣ እንደ ሌባ፣ እንደ ወዳጅ።
ሻምፓኝ ናት፤ ግማሽ ናት፤ ከሚዜዎች የተረፈች፣
የብር ወረቀት አንገቷ ላይ እንደ ሻርፕ የጠመጠመች።
«ሊደፏት ነበር» አለኝ «እኔ ነኝ ደርሼ ያተረፍኳት፤
ስትፈነዳ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ተዉአት፤
ጠጅ ብትሆን ኖሮ ብርሌዋን ይልሷት።»

ቀመስኳት። «ይቺን ነው እልል ያሉላት?» አልኩት ፊቴን አጨማድጄ፤
ዘይቱኑን እስከ ግማሽ ቀዳሁና ጠርሙሷን አነሣሁ በእጄ።
«ቀስ» አለኝ «ቀስ በይ፣ በብርጭቆው ጥግ...»
እኔ የማውቀው ስፕሪስ ነው፤ አቮካዶ ከሥር፣ ማንጎ በላዩ፣
ማንኪያ ካልገባ መሀል፣ እንደተኳረፉ ጎረቤት ሳይነካኩ የሚቆዩ።
ይሄ ግን ገና ሲገናኝ ተቆጣ፣
ፍስስስ ብሎ ሮዝ አረፋ ገንፍሎ ወጣ፣
ጠረጴዛው ላይ ተንፈላሰሰ፣
ከዱቤ መዝገቤ ደረሰ።

መዝገቤ፦ ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር፣
የሠፈሩ ጥማት በየስሙ የተጻፈባት በቁጥር።
ባጃጅ ነጂው ይርሳው፣ አሥራ አራት ፓፓያ፤
የጥልፍ ቤቷ ውዴ፣ ስድስት አቮካዶ፣ ለአራሷ እኅቷ ማገገሚያ፤
መምህር ፈጠነ፣ ሎሚ፣ ሎሚ፣ ሎሚ፣
ጨጓራው እንደ ደሞዙ ዘወትር ታማሚ፤
አንማው ራሱ፣ አርባ ሦስት ማንጎ፣ በቀይ ተሰምሮበት፤
አረፋው ሁሉም ላይ እኩል ተኛበት።
እስክርቢቶው ሰማያዊ እንባ አነባ፣ ስም ከስም ተጋባ፤
ይርሳው ውስጥ ውዴ ገባች፣ ሎሚ ውስጥ ፓፓያ ገባ።
ጠረግኩት፣ ባሰ፤ ለሻማው አስጠጋሁት፣ ተጨማደደ፤
አንማው ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን አየና ሳቁ ወደ ሆዱ ወረደ።

ምን ይደረጋል? የተረፈውን ጠጣነው።
ከሥር ዝግ ያለ ፍሬ ነው፣ ከላይ ንፋስ ነው፤
ጎምዛዛው ጣፋጩን ነካ አደረገው፣ ጣፋጩ ጎምዛዛውን አባበለው፤
ለብቻ ለብቻቸው፣ እውነት ለመናገር፣ ሁለቱም ምን ያህል ነው?
ውጪ ሐይቁ በጨለማ ድንጋይ ይልሳል፤
ጉማሬ ይሁን ጄኔሬተር፣ ከማዶ አንዱ ያጉረመርማል።

ሰኞ ጾም ገባ። መብራት መጣ። መፍጫዬ አፉን ፈታ፤
እኔ ደብተሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ፣ ማስረጃ እንደጠፋበት ጌታ።
ይርሳው «አሥር መሰለኝ» አለ፣ ዓይኑን ከባጃጁ ሳያነሣ፤
ውዴ ስድስቱን ስድስት አለች፣ ሳትጨምር፣ ሳትረሳ፤
መምህር ፈጠነ «እኔም ነበርኩበት?» ብሎ ደነገጠ፤
ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ምላሴ ግን ቃሉን ዋጠ።

አርፍዶ መጣ አንማው፤ ሸሚዙ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ አለበት፤
«አርባ አምስት ነው» አለኝ «ጻፊው፣ ያልራሰ ገጽ ፈልጊለት።»
አርባ ሦስት ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ፣ ቀና ሳይል፤
«ሁለቱ የትናንት ናቸው፤
ወይኑ የሰው ነው፣ ዘይቱኑ ግን ያንቺ ነው» ሲል።

ጻፍኩለት።
በእርሳስ።