ትርፍ ሲበዛ

ሻርጃ፣ የፋብሪካ ሰፈር፣ ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ሰባት፤
ቆርቆሮው ጣራ ገና አልወጣለትም የቀን ትኩሳት።
ቢጁ በሩን ገፋ አድርጎ ጨው ጨው የሚል አየር ያስገባል፣
ፍሬዛው እንደ ጥርስ ሕመምተኛ ያቃስታል።

ከጨረታ የተገዛ፣ ስንት ጌታ ያየ፣
አሥራ አንድ ዓመት በሰው እጅ የቆየ፤
ሲሄድ ጨዋ ነው፣ ሲመለስ ግን ይሰክራል፣
ክብ ቅረጽ ስትለው የሚሰጥህ እንቁላል።

አቡ ጋኒም ከቢሮው ብቅ አለ፦
«ጨምርበት እንጂ! ጠዋት ነው ርክክቡ፣
መቶ ሃያ ቫልቭ ይጠብቃል መርከቡ!»

ጨመርኩ።

ያቺን ቁጥር እኔ «ትርፍ» ነው የምላት፤
ድራይቩ ሆድ ውስጥ ነው የተሰጣት ቤት።
ሞተሩ ከታዘዘበት ፀጉር ታህል ሲርቅ
በምን ያህል ቁጣ እንደሚመለስ የምታውቅ።
ስታንስ ይሰንፋል፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ይመጣል ዘግይቶ፤
ስትበዛ ይጮኻል፣
ያልፋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ያልፋል ስፍራውን ስቶ።

ጮኸ።
የቢጁ ሻይ ብርጭቆው ውስጥ ተንቀጥቅጦ
ክብ ሠራ፣ ክብ በክብ ላይ፣ አንዱ ካንዱ በልጦ።
(ብረት ላይ ያቃተውን ሻይ ላይ አሳመረው!)
ቢጁ ሳቀ። እኔ ግን ያለቃዬን ፊት አይቼ ሳቄን መለስኩት፣
ቁጥሩን ዝቅ አድርጌ ማሽኑን በዝግታ አስሄድኩት።

ካቻቢቴ አወጣሁ፤ ጫፉን ከኩሽኔታው፣ እጀታውን ከጆሮዬ፤
እንዲህ ነበር ደብረ ብርሃን ያስተማረን ጋሽ ጥላዬ፦
«ብረት አይዋሽም፤ ግን በጎረቤቱ ያመካኛል፤
የሚጮኸውን ተወውና ዝም ያለውን ጠይቅ፣ ይነግርሃል።»

ዝም ያለው፣ ሞተርና ቪቴ የሚያጋባው ማያያዣ ነበር።
ቀጭ።
አንዲት ቡሎን ላልታ፣ ሩብ ዙር እንኳ የማትሞላ ነገር።
ሞተሩ ሄዷል፤ ቪቴው ገና «አቤት» ሊል ነው።
ስንት ባለሙያ ቁጥር ሲያወጣ ሲያወርድ የኖረው
ለዚህች ነበር።

አጥፍቼ አጠበቅኋት። ከዜሮ ጀመርኩ እንደገና፤
ጥቂት፣ ጥቂት፣ እያዳመጥኩ፣ እስኪያጉረመርም ድረስ፤
ከዚያ ሲሶውን መመለስ።
ከሚችለው ሁሉ ሲሶው ይቅርለት ለራሱ፣
ሰውም ቢሆን ሙሉውን ከሰጠ ይጮኻል ነፍሱ።

«ለምን ቀነስከው?» አለ አቡ ጋኒም።
ትርፍ ሲበዛ ነው የሚያናውጠው፣ ልለው ነበር፤
ዐረብኛው አልመጣልኝም።

ሊነጋጋ ሲል ክቡን ለካነው፤ ክብ ነው።
መታጠፊያው ላይ ብቻ አራት ማይክሮን ጠባሳ አለው፤
ሄዶ የሚመለስ ሁሉ አንዲት ቅጽበት ቆሞ ያመነታል፣
እኔም በየሁለት ዓመቱ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ፣ ያችን ታህል።

ቢጁ ብርጭቆውን አነሳ፤ ሻዩ ቀዝቅዟል።
ላዩ ላይ አንድም ክብ የለም።
ሳይጠጣው ትንሽ አየው።