ሁለት ጠባቂዎች

ዝናብ ወደ ጎን ነው በክላክስቪክ ወደብ፣
በፋሮ ደሴቶች ነፋስ አይፈቅድም ቀጥ ብሎ እንዲዘንብ።
ከዓሣ ሚዛኑ በላይ፣ በብረት ደረጃ፣
ራንቫ ትሠራለች፤ ቁጥር ነው ማስረጃ፦
ስንት ሣጥን ወረደ፣ ስንት ኪሎ ገባ፣
ከየትኛው መርከብ፣ ከየትኛው ጀልባ።

እና ሦስት ኪሎ ይጎድላል።
ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ ማክሰኞ፣ አንዳንድ ዓርብ ይሆናል።
“ሰረቅሽኝ” አይላትም ሽማግሌው ሄዪን፣
ደረሰኙን አጥፎ ያያታል ዓይን በዓይን።

ስህተት ማደኛውን፣ ዲበገሩን ከፈተች፤
ሁለት መቶ ዐሥረኛው መስመር ላይ ፕሮግራሙን አቆመች።
“አንድ እርምጃ” አለችው።
እሱ ግን እንደ ደነበረ በቅሎ ሰባት መስመር ዘሎ
ዐሥራ ሰባት ላይ ቆመ፣ ምንም እንዳልሆነ መስሎ።
የክብደቱን ዋጋ ብትጠይቀው ደግሞ፣
“ለፍጥነት ስል ጥዬዋለሁ” ይላል፣ “አስቀድሞ።”

አራሚው ዓይን አጣ፣ ማሳው ደግሞ ለምለም፤
ያላዩትን ቅጠል አረም ማለት የለም።

ለኮምፓይለሩ ጠባቂ ጻፈች፣ በኅዳር፣
ቼክ አገር፣ ብርኖ፣ ለቦሁሚል፣ ለባቡር ጣቢያው ዳር።
“አውቃለሁ፤ የኔ ጥፋት ነው” ሲል መለሰላት፣
“በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል፤ ለየካቲት።”

የካቲት መጣ። ይዞት የመጣው በረዶ ብቻ ነው።
በየማለዳው የእትሙን ቁጥር ታያለች፦ አራት ነጥብ ሁለት።
ትላንትም አራት ነጥብ ሁለት።
በጎች ግልገል ወለዱ በተራራው ወገብ፤
ያው አራት፣ ያው ነጥብ።

ቦሁሚል ቀን ትራም ይነዳል፤ ሌሊት ከኮዱ ጋር ይፋጠጣል፤
አንዱን ሲያስተካክል ሌላ ስህተት ይወጣል።
ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ስድስቱ ልጅ ወለዱ፣ ተሰላቹ፣ ሄዱ፣
የቤቱ ቁልፍ ቀረ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንዱ።

ጠበቀ አንድ ቃል ነው፣ ፍቺው ግን ሁለት፦
አንዱ በር በር ማየት፣ አንዱ በሩ ላይ መተኛት።
ይህን ለሁለቱ ማን ይንገራቸው?
የሷ ቋንቋ ሌላ፣ የሱም ሌላ፤ እኔ ነኝ በአማርኛ ያገናኘኋቸው።

በግንቦት አንድ ማታ፣ ጉም ወደቡን ሲያለብስ፣
ስክሪኑን አጥፍታ አነሣች አንድ እርሳስ።
በአሮጌ ደረሰኝ ጀርባ፣ ራሷ ማሽኑን ሆና፣
መስመር በመስመር ሄደች፣ ሳትዘል፣ በርጋታ፣ በልቡና።
ዐሥራ አራተኛው ላይ ደረሰች፦
ማዕበል ሚዛኑን ሲነቀንቅ፣ ፕሮግራሙ ሣጥኑን ሁለቴ ይቀንሳል፤
ሣጥኑ ደግሞ ባዶውን ሦስት ኪሎ ይመዝናል።
ያንን መስመር የጻፈችው እሷው ናት፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣
አንድ ጆሮዋ ስልክ ላይ፣ እህቷ ስለ ፍቺዋ ስታወራላት።

አስተካከለች። የሄዪንን ሂሳብ ቆጥራ፣ ይቅርታ ጽፋ ሰጠችው፤
ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እሷን አላያትም፤ ባሕሩን ነው ያየው።

አራት ነጥብ ሦስት በሰኔ ደረሰ፣
ሌሊቱ በማይጨልምበት ሳምንት፤ ሥራው ካለቀ፣ እርሳሱም ካነሰ።
ቢቀርስ ምን ነበረ?
እሷ ግን ጫነችው። የድሮውን ስህተት ከቆሻሻ አውጥታ
መለሰችው ወደ ቦታው፣ እንደ እንግዳ አክብራ፣ አስቀምጣ፣ አበርትታ።
ዐሥር። እርምጃ። ዐሥራ አንድ። እርምጃ። አልዘለለም።
ዐሥራ አራት ላይ ዋጋው ወጣ፣ ጥርት ብሎ፦
ሲቀነስ ሦስት።
ደረሰኙን አጠገቡ ያዘች። ያው ቁጥር ነው፣ አንዱ በብርሃን፣ አንዱ በእርሳስ።

“ይሠራል” ብላ ጻፈችለት፣ አንድ ቃል ብቻ።
ቦሁሚል ያነበበው በመስመሩ መጨረሻ፣ ስልኩን በጓንቱ ይዞ፣
ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ሦስተኛ።
ከኋላው አንዲት ሴት ጃንጥላዋን አራገፈች፤ አንድ ልጅ መስኮቱን አንኳኳ፤
ተሳፋሪው ሁሉ ጠበቀው።
ትራሙ ያን ቀን አንድ ደቂቃ ዘገየ።