የገደል ማሚቶ በቫልፓራይሶ

ስክሪፕቱን የጻፍኩት በሊኑክስ ነበር፣
በራሴ ጠረጴዛ፣ በራሴ ወንበር፤
የባሕሩን ሙላት፣ የባሕሩን ጉድለት
አስልቶ እንዲያትም ጎሕ ሲቀድ በየዕለት።
ሠራ። አንዴም ሠራ፣ መቶ ጊዜም ሠራ፤
ደረቴን ነፋሁ እንደ ወደብ አሞራ።

ከዚያ ወደ ላይ ላኩት፣ ወደ ሦስተኛው ፎቅ፣
ሶላሪስ ወደሚባል ሳጥን፣ ጡረታ ወደማያውቅ፣
አቧራ ደርቦ ወደሚያንኮራፋ።

ትእዛዜ አጭር ናት፦ «ኢኮ» በል፣ አስተጋባ፤
መስመሩን አትስበር፣ ቁጥሩ እስኪገባ።
«ሰረዝ ኤን» ማለቴ ለእኔ ሳጥን ጥቅሻ፣
ለእሱ ግን ተራ ቃል፣ የወሬ መነሻ።
ጥቅሻ የማይገባው፣ ታማኝ በቀቀን፣
ያልኩትን አተመ ያለ አንዳች ሰቀቀን፦
«ሰረዝ ኤን፣ አንድ ሜትር ከሃያ»።

መርከብ መሪው ኤሌውቴሪዮ መነጽሩን ወልውሎ
ኤኗን እንደ እድፍ አይቶ፣ ሰረዟን ግን ተቀብሎ
«ከዜሮ በታች ነው፤ ባሕሩ ሸሽቷል» አለ።
ከጓያኪል ሙዝ የጫነው መርከብ ደጅ ላይ ዋለ፤
ጭጋጉ ውስጥ ቆሞ ጡሩምባ እየነፋ፣
ባሕሩ ሞልቶ ሳለ በአንድ ሰረዝ ጠፋ።

ኤርሚንዳ አልጮኸችም። ሻይዋን አስቀመጠች፤
ከመሳቢያዋ ውስጥ ሁለት ዛጎል መዘዘች፣
አንዱን ከቀኝ ጆሮዬ፣ ሌላውን ከግራ፦
«ሼል ማለት ዛጎል ነው፤ እስቲ ስማ፣ አጣራ።
ሁለቱም ባሕር ባሕር ይላሉ፤ ቅላጼው ይለያል፤
የገደል ማሚቶ ገደሉን ይመስላል።»

ያን ሌሊት ተቀመጥን። ኢኮን ሻርን፣ ፕሪንትኤፍን ሾምን፤
የሌሎቹንም ስክሪፕቶቼን ጓዳ አንድ በአንድ ፈተሽን።
ድርብ ቅንፌን ነጠላ አደረገችው፤
የኮራሁበትን ድርድር በጣቷ ፋቀችው፤
«ሴድ ፋይሉን እዚያው ያርመው» ያልኩበትን መስመር
«ከፍሪቢኤስዲ ያጣላሃል» አለች፣ ቀስ ብላ እንደ መምህር።
ያማል። ቅኔ ዘርፎ ሳይቀኙ እንደ መመለስ ያማል፤
ተራ ቃል ግን ስንቅ ሳይዝ ሩቅ አገር ይደርሳል።

አሁን ከአራት ሳጥን ያው አንድ ቁጥር ይወጣል፤
ጉምሩክ ያለው ኤአይኤክስ እንኳ አፉን ፈቷል።
ኤሌውቴሪዮ ግን ዛሬም ወረቀቱን አጥፎ
ኪሱ ይከተውና፣ የመትከያውን ደረጃ አልፎ
ይወርዳል፤ ከድንጋዩ ላይ የእርጥቡን ልክ ያያል።

አልተቀየምኩትም። አንዳንዴ አብሬው እወርዳለሁ።
ድንጋዩ ሰረዝ የለውም።