ቁልፍ አስራ ሁለት

ቀፊራ ጀርባ ነው፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ረምዚ ሞተር ይልጣል፣ ገና ቁርስ ሳይበላ።
መስታወቱ ወጣ፤ «ማን ነው ኋላ ያለ?»
ፓራፋንጎው ወጣ፤ «ድሬ ምን ጭቃ አለ?»
እኔ ብሎን ያዥ ነኝ፣ በቲማቲም ጣሳ፣
ስቆጥር አረፈድኩ፣ አንዷ እንዳትረሳ።

ባለፈው ጁምዓ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣
ሰይፈዲን በፔጆ ሲያልፈን በጠራራ ፀሐይ፣
«ጨው ነው የጫናችሁ?» አለን በሳቅ ታንቆ።
ረምዚ መልስ አልሰጠም፤ ያዘው፣ በሆዱ ደብቆ።

ማርሚታውን አውርዶ ሆዱን ሰነጠቀ፤
የአስር ዓመት ጥላሸት እግሬ ላይ ወደቀ።
«ይተንፍስ» አለና ጉሮሮውን አሰፋ፣
ካርቡራቶሩ አፍ ላይ አሮጌ ካልሲ ሰፋ፤
«እላይ አየር ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይቀነስ»
እያለ ጂግለሩን ሲፈታ፣ ሲመልስ።

መጨረሻ ላይ የኋላው ወንበር ቀረ።
ቁልፍ አስራ ሁለት አቀበልኩት።
ቦታው የእኔ ነበረ።

ሲያስነሳው ደቻቱ ማዶ ውሻ ሁሉ ጮኸ፤
የገንደ ቆሬ ልጆች ጆሯቸውን ይዘው ወጡ።
እስከ ሦስተኛው ኩርባ ድምፁን እሰማው ነበር፣
ከዚያ ተራራው ዋጠው።

ማታ ጥላሸት መስሎ መጣ፣ ጥርሱ ብቻ ሲታይ፤
«ቀደምኩት! ሰማኸኝ?» አለኝ በጩኸት።
«ሰማሁ» ብለው አይሰማም፣ ጆሮው ገና ደንገጎ ላይ።
ጣሳዬን አነሳሁ ከመሬት።

ለካ ብሎን ይከብዳል።