የጥናቱ ውስንነት

ባቲ፣ በሰኞው ቀን፣ ከግመል ተራ ዳር፣
እመት ሙሂባ ይማም ሲያዜሙ ነበር።
ማይኩ ተሰክቷል፤ ድምፁም ጥርት ያለ፤
ሦስተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ጭጭ አለ።
«ቀሪው የሰው ነው፣ ልጄ፤ ባለቤቱ አልመጣም።»
ማጥፊያውን ልነካ እጄ ከኪስ አልወጣም።
አርባ ሰከንድ ሙሉ፦
ነፋስ፣ የግመል ጉሮሮ፣ የሳቸው ትንፋሽ።

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲያለብሰው፣
ደሴ ላይ ጠየቁኝ አንድ ገምጋሚ ሰው፦
«ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ ይህ ባዶ ለምን ቀረ?
ሞንታዥ አልተማርክም? ወይስ ሰዓት አጠረ?»

ስለ ቅኝት መቶ ገጽ ጽፌ
ለአርባ ሰከንድ መልስ አጣሁ።
«እስቲ ድገመው» አሉ።
ደገምኩት።
ግመሏ አጉረመረመች። አንድም ወንበር አልጮኸም።

አለፍኩ፤ ከእርማት ጋር፦
ገጽ ስልሳ ሁለት፣ «ዝምታ» ያልኩበት፣
«የሰው ነው» ተብሎ ይነበብ።