የአባቴ ባለሁለት አፍ

«ለአርባው ይተኮሳል» አለ አጎቴ ሽባባው፣
«ይርዳው በዝምታ አይደለም የሚሸኘው።»
ከግድግዳው ችካል ላይ አወረድኩት እኔ፣
ባለሁለት አፉን፣ ክብደቱን በጎኔ፤
እንደ ታመመ ልጅ በነጠላ ጠቅልዬ
ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ፣ ሞጣ ገበያ ብዬ፣
ከቀራንዮ ሞጣ፣ በአይሱዙ ጀርባ ላይ፣
በጤፍ ጆንያ መሃል፣ ማንም ሰው ሳያይ።

አንሙት ብረት ሠሪው፣ መነጽሩን በክር
ከጆሮው ያሰረ፣ ቁጥብ ሰው ለነገር፣
«ጎርሷል ወይ?» አለና መልሴን ሳይጠብቅ
አፉን ወደ ግንቡ፣ እያለ ጠንቀቅ ጠንቀቅ፣
ከወገቡ አጠፈው።
ባዶ ነው። ባዶውን ደግሞ በጣት ዳሰሰ፤
«በዐይን ያመነ ሰው ስንት ቤት አፈረሰ።»

ከዚያ ወደ ፀሐይ፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣
የቀኙን አየልኝ፤ «ንጹሕ ነው» አለ፣ አምኖ።
ግራው ላይ ግን ቆየ። «ይሄ አውጥቷል ብጉር፤
በዚህ የሚተኩስ ቀድሞ ጣቱን ይቁጠር።»
ብረቱን ለይቶ፣ በሲባጎ አንጠልጥሎ፣
በጥፍሩ ኳ አረገው፤ ሰማው ዝም ብሎ።
ድምፁ ረዘመልን፣ እንደ ደወል ዘመረ፤
«ብየዳው አልላላም፤ ይሄስ እንኳ አማረ።»
ማጠፊያውን ናጠው፤ ቀጭ ቀጭ አለ ጥቂት።
ሰደፉን አሸተተው፤ የአባቴ እጅ፣ የኑግ ዘይት።
ሁለት ጥይት ነበረኝ፣ ወረቀቱ ያበጠ፤
በሁለት ጣት ይዞ ከአጥሩ ማዶ አስቀመጠ።

መጨረሻ ሆዱን ፈታ፤ ሁለት መርፌ ወጣ፣
ከቆርቆሮው ጥላ ወደ ብርሃን መጣ።
ዝም አለ።
መነጽሩን አወለቀ። መለሰ። አወለቀ።

«የኔ ሞረድ ነው ይሄ፤ ጥርሱ አንዱ የጎደለ፣
ይኸው ሦስት ጭረት፣ መሃሉ የዘለለ።
ይርዳው ነው የመጣ፣ በሐምሌ፣ በዶፍ ዝናም፤
"ጫፋቸውን ሞርድልኝ፤ አትንገር ለማንም።"
ጠመንጃ ሊያሠራ ይመጣል የማውቀው፤
ሊያኮላሽ የመጣ እሱን ብቻ ነው።
ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። አንድ ቅል ማር ሰጠኝ።»

በሐምሌ።
ወንድሜ እንዳላማው፣ ያን ጊዜ ጎረምሳ፣
በድንበር ጠብ ሌሊት ይህንኑ አነሣ፤
ጫኔን ከበቆሎው ጥግ አድብቶ ጠበቀው፤
ምላጩን ሳበ፣ ቀጭ። ደግሞ ሳበ፣ ቀጭ። ከዳው።
ንጋት ላይ ቤት ገባ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፤
«ይሄ ከንቱ ብረት!» አለ፣ በቁጣ በግኖ።
አባቴ ከመደቡ ቀና እንኳ ሳይል
«ዝናም ነክቶት ይሆናል» አለ፤ ሌላ አልጨመረም ቃል።

ዛሬ ጫኔ ማለት የልጁ ክርስትና አባት፤
ለአርባው ሁለት ጆንያ ገብስ ልኮልናል ትናንት።

ሃያ ዓመት ሙሉ ግን ይዞት ዞረ በትከሻው፣
በሠርግ፣ በሽምግልና፤ ተኩስ ሲሉት መልሱ ያው፦
«ጥይት ለምን ላባክን?»
ሰው ንፉግ ይለው ነበር።
እኔም ብዬዋለሁ።

አንሙት ሞረዱን ያዘ። «አዲስ ጥይት ገዝተሽ፣
ከግንድ አስረን፣ በገመድ፣ ከግንብ ኋላ ሆነሽ፣
የቀኙን እንሞክራለን። ወይስ...» አለና ተወው።
የወፍጮ ቤቱ ሞተር ብቻ ነበር የሚሰማው።
«ስንት ነው?» አልኩት።
«የምኑ? የዘይቱን ስጪኝ» አለኝ፣
መርፌዎቹን መልሶ፣ ደነዝ እንደነበሩ።

ማታ ሽባባው መጣ፤ «እንዴት ሆነ?» አለኝ።
ችካሉ ላይ ሰቅዬ ዞር ስል ነበር ያገኘኝ።
እንዳላማው በሩ ላይ ቆሟል፣ ሕፃኑን ታቅፎ።
«ጥይት ለምን እናባክን?»
ድምፁ የሱ ነበር፣ በኔ ጉሮሮ አልፎ።